«ዝም ብለሽ እመኚ» ይሉኛል፤ ግራ የገባው ሰው ምን ያድርግ?

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር ነው የምጽፈው። ብዙ ጊዜ የሰው ጽሑፍ አንብቤ እወጣለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን የምተነፍስበት አጣሁ።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ኢንሱሊን ትወጋለች። ሰሞኑን አቁማዋለች። ጠበል ቦታ አንድ ሰው አግኝታ «መርፌ ይዘሽ ጠበል ብትጠመቂ ምን ሊረዳሽ፤ ይኼ ሁለት ልብ ነው» አላት። ሰውየው ካህን አይደለም። መነኩሴ ይሁን አይሁን እንጃ። ቢጫ ለብሷል፣ መቁጠሪያ ይዟል፣ አንደበቱ ይጣፍጣል። እናቴ ደግሞ እንዲህ ላለ ሰው ቶሎ ትረታለች። «ሁለቱንም ብትወስጂ ምን አለ?» ስላት «አንቺ እምነት የለሽም» ትለኛለች።

ሁለተኛው ነገር ሥራ ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶልኛል። የተማርኩት ሒሳብ ነው። እዚህ ግን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ደመወዙ ከኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም። የአዲስ አበባዎቹ በወሩ መጀመሪያ ግቢ ብለውኛል። እናቴን ለማን ትቼ ልሂድ? ባልሄድስ ነገ መድኃኒቷን በምን ልግዛ? መንገዱ ራሱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል።

ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ፈቃድህ ያልሆነውን በር ዝጋልኝ» አልኩ። ሁለቱም ክፍት ሆነው ቀሩ። ወይም ሁለቱም ዝግ ናቸው፣ አላውቅም። ሰው ሁሉ «ዝም ብለሽ እመኚ፣ እሱ ያውቃል» ይለኛል። እሱ ማወቁንማ መች አጣሁት። ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ዳዊት ስደግም ቃሉ ከከንፈሬ አያልፍም። ተናድጃለሁም። እግዚአብሔር ላይ መናደድ ኃጢአት ከሆነ ንገሩኝ።

ያዘዞ እናት፦
እኔን ልጄ! አንች ያልተናደድሽ ማን ይናደድ። እናት ታማ፣ ሥራ ጠርቶ፣ መንገድ ተዘግቶ። የኃጢአቱን ነገር ለካህን ተይው። እኔ የማውቀው ሰው የሚያኮርፈው የሚቀርበውን ነው። የማላውቀውን ሰው አኩርፌ አላውቅም።

እናትሽ የንስሐ አባት የላቸውም? ያን ባለ ቢጫ ልብስ ተይውና መምሬን ቤት ጥሪ። ቡና አፍይ። እናትሽ ባሉበት ይናገሩ። ያንችን ቃል አይሰሙም፤ ልጅ ነሽ። የመምሬን ግን ይሰማሉ።

የጌታ ልጅ፦
እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ። ምሳሌ 3፥5ን አንብቢ። በፍጹም ልብሽ በእግዚአብሔር ታመኚ፣ በራስሽ ማስተዋል አትደገፊ ነው የሚለው። ግራ የሚገባን ሁሉን በራሳችን ጭንቅላት እንፍታው ስንል ነው። ሥራውንም እናትሽንም ለእሱ አስረክቢ። ማሰብ ስታቆሚ ሰላም ይመጣል።

ነርሷ፦
ሌላውን ክርክር ለኋላ አቆዩልኝ። የፒያሳ ልጅ፣ ይኼን አሁኑኑ አንብቢ።

ኢንሱሊን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። እናትሽን ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጠማታል? ሽንት ያመላልሳታል? ካስመለሳት፣ ሆዷን ከቆረጣት፣ ትንፋሿ ከበድ ፈጠን ካለ ወይም እንግዳ ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ ድብት ካላት፣ ነገ አትበዪ። ባጃጅ ጥሪና ድንገተኛ ክፍል አድርሻት። ሌሊትም ቢሆን። ይኼ ሁሉ ባይኖርም ስኳሯን ዛሬ አስለኪ። መጠኑን ደግሞ በግምት አትውጊያት፤ አቁማ ስለቆየች ሐኪም አይቶ ይወስን።

እኔም ጠበል እጠመቃለሁ። በሥራዬ ግን ጠበሉን ጠጥቶ መርፌውንም ወግቶ ዕድሜውን የሚገፋ ሰው አይቻለሁ። መርፌውን ትቶ በሰው ሸክም የሚመጣም አይቻለሁ። ሁለተኛውን ማየት ሰልችቶኛል።

ቀሃ ማዶ፦
«ማሰብ ስታቆሚ ሰላም ይመጣል» ነው ያልከው ወንድሜ? ሴትዮዋ መርፌውን የተወችው እኮ ማሰብ አቁሚ ተብላ ነው!

እኔ ቤተ ክርስቲያን ከረገጥኩ ቆይቻለሁ፤ የምለውን እንደ ውጭ ሰው ንግግር ውሰዱት። ጎንደር ያደገ ሰው ሁሉ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ነገር ሰምቷል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ፣ የሱዳኑ የማህዲ ጦር፣ ከተማውን ሲያቃጥል የንብ መንጋ ወጥቶ ሥላሴን አዳነ ይባላል። ጥሩ ታሪክ ነው። ቱሪስት ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት ቀና ብሎ እያየ አስጎብኚው ይተርክለታል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። የቀሩትስ? ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ነደዋል። ሰው አልቋል፣ ተማርኮ ተወስዷል። እዚያም ታቦት ነበር፣ እዚያም ይጸለይ ነበር። ንቡ ለአንዱ መጥቶ ለሌላው ከቀረ እኔ በምኑ ልተማመን? ይኼን ስጠይቅ የሚመልስ የለም። «አትጠይቅ» ይሉኛል።

የፒያሳ ልጅ፣ ነርሷ ያለችሽን አድርጊ። ለሱ ምልክት አያስፈልግሽም።

የበዓታ ደቀ መዝሙር፦
እንደምን አመሻችሁ። በዓታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም፣ የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት፣ እማራለሁ። ዲያቆን ነኝ እንጂ መምህር አይደለሁም። የኔታ እዚህ ስጽፍ ቢያዩኝ «ትምህርትህን ጨረስህ?» ይሉኝ ነበር።

ከቀሃ ማዶ ልጀምር። ለጥያቄህ መልስ የለኝም ወንድሜ። መልስ አለኝ የሚል ካገኘህም ተጠራጠረው። ሣር ውሃ ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር በደርቡሽ ተሸነፈ። ጎንደር ነደደች። በዓመቱ መጋቢት ላይ ዓፄ ዮሐንስ መተማ ወደቁ። ይኼ ሁሉ ጸሎት ስላነሰ ነው የሚል ሰው አለ። እኔ አልቀበለውም። በዚያ ዘመን ጸሎት አላነሰም። አንድ የማውቀው ነገር አለ። ከተቃጠሉት ብዙዎቹ እንደገና ተሠርተዋል። የሠሯቸው ደግሞ ንቡ ያልመጣላቸው ሰዎች ናቸው። ላገኛቸው ብችል እነሱን ነበር የምጠይቃቸው።

አሁን ወደ አንቺ እህቴ። መናደድ ኃጢአት ነወይ ብለሻል። ዳዊት ትደግሚ የለ? በግዕዙ ዳዊት 12ኛውን አስታውሺው፣ በሌላው ቁጥር 13ኛው ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። 87ኛው ደግሞ፣ በሌላው ቁጥር 88ኛው፣ ከዚያም ይብሳል። ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙራት አብዛኛውን ጊዜ ዞር ብለው በምስጋና ይጨርሳሉ። ያኛው በጨለማ ገብቶ በጨለማ ያልቃል። አባቶቻችን ይኼን ከዳዊት አላወጡትም። ከሌላው እኩል ይደገማል። ቃሉ ከከንፈሬ አያልፍም ያልሽውን ያህል የሚናገር ጸሎት መጽሐፉ ውስጥ ተቀምጦልሻል።

ጥምቀት ካለፈ ገና ነውና ስለ መጥምቁ ዮሐንስም ላንሣ። ጥምቀተ ባሕሩ ዳር ሌሊቱን የቆመ ሰው ዮርዳኖስን ያስባል። ጌታን ያጠመቀው ዮሐንስ ነው። ሰማይ ሲከፈት የነበረ ሰው ነው። ያው ዮሐንስ ሄሮድስ ካሰረው በኋላ ከወህኒ ደቀ መዛሙርቱን ልኮ «የሚመጣው አንተ ነህን ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» አስባለ። ማቴዎስ 11 ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባት ዮሐንስ አፈወርቅ ይኼን ሲተረጉም መጥምቁ ተጠራጥሮ አይደለም፣ ደቀ መዛሙርቱ ከጌታ አፍ እንዲሰሙ ብሎ ነው ይላል። እኔም የተማርኩት እንዲሁ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ግን ግራ ገብቷቸው ነበር። መምህራቸው ታስሯል። መምህራቸው የመሰከረለት ደግሞ ገሊላ ያስተምራል፣ ወህኒውን አይከፍትም።

ጌታ አልተቆጣቸውም። የምትሰሙትንና የምታዩትን ለዮሐንስ ንገሩት አላቸው። ዕውሮች ያያሉ፣ አንካሶች ይሄዳሉ፣ ለድሆች ወንጌል ይሰበካል። ነገሩ ከኢሳይያስ ነው። ኢሳይያስ ግን ለታሰሩት መፈታትንም ያነሣል። ጌታ ያችን አላነሣትም። ዮሐንስም አልተፈታም፤ አንገቱ ተቆረጠ። ይኼን ስብከት ላይ ብዙ ጊዜ አንሰማውም። ቶሎ ብለን ወደ ዕውሩ ማየት እናልፋለን። መልእክተኞቹ ሲሄዱ ጌታ ለሕዝቡ ምን አለ? ከሴቶች ከተወለዱት መካከል ከዮሐንስ የሚበልጥ አልተነሣም አለ። ይኼን የተናገረው ጥያቄው ከደረሰው በኋላ መሆኑን ልብ በይ።

ስለዚህ የጠየቅሽው ነገር ከእምነት አያስወጣሽም። ጥያቄውን ወደ ማን እንደወሰድሽው ነው የማየው። አንቺ እየተናደድሽም ወደ ራሱ ነው የወሰድሽው።

የመድኃኒቱን ነገር አጭር ላድርገው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ለእናትሽ አንብቢላቸው። ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እሱ ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። መጀመሪያ ጸልይ፣ ከዚያ ለሐኪሙ ቦታ ስጠው ይላል። ባለ ቢጫው ሰውዬ ይኼን ምዕራፍ ያነበበው አይመስለኝም።

የጌታ ልጅ፦
ቀሃ ማዶ፣ ማሰብ አቁሚ ያልኩት መጨነቅ አቁሚ ለማለት ነው። መድኃኒት ጣይ አላልኩም።

ዲያቆን፣ ሲራክ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ግን አልጣላህም፤ እኛም ዘንድ ያለ አለ። 2ኛ ነገሥት 20 ላይ ሕዝቅያስ ለሞት ታሟል። እግዚአብሔር «እፈውስሃለሁ» ብሎታል፣ ተስፋው ተሰጥቷል። ከዚያ ኢሳይያስ ምን አዘዘ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና እብጠቱ ላይ አድርጉ አለ። ፈውሱን ቃል ከተገባለት በኋላ መድኃኒት ተደረገለት። ሉቃስም ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስ «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ብሎ ይጠራዋል።

በዮሐንስ ጉዳይ ግን አልስማማም። እኔ እንደማነበው ዮሐንስ ራሱ ተጠራጥሯል። ሰው ነው፣ ታስሯል፣ ጨልሞበታል። ጌታ ያን ሰው ነው ያመሰገነው። ይኼ ለእኔ የበለጠ ያጽናናኛል።

የበዓታ ደቀ መዝሙር፦
እኔ ከአፈወርቅ ጋር ነኝ። አንተም ከራስህ ጋር ሁን። መርፌው ላይ ከተስማማን ለዛሬ ይበቃል።

የማራኪ ተመራቂ፦
ይኼ የጠበልና የመድኃኒት ክርክር አዲስ አይደለም። የኤድስ መድኃኒት በስፋት መሰጠት በጀመረበት ሰሞን ብዙ ሰው እንጦጦ ጠበል እየወረደ ክኒኑን ይተው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉን ጠጡ፣ መድኃኒቱንም ውሰዱ፣ ሁለቱ አይጣሉም ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ፓትርያርክ ይኼን ካለ ቢጫ የለበሰ ሰው ማነው?

ጸሎት በቴሌብር፦
[ይህ መልእክት ተሰርዟል]

አወያይ፦
ከላይ ያለውን መልእክት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። «ራእይ ታይቶኛል፣ ቁጥሬ ይኼ ነው፣ ብር ላኪና እጸልይልሻለሁ» የሚል ነበር። እንዲህ ያለው በውስጥ መስመር ከመጣባችሁ አሳውቁኝ። የጨነቀው ሰው ሲጽፍ ነው እነዚህ የሚሰበሰቡት።

የሳሙና በር ጡረተኛ፦
መምህር ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ምክር አልሰጥም፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

በቀይ ሽብር ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ከቤት ወጥቶ ቀረ። ሬሳውም አልተገኘም። እናታችን ከዚያ በኋላ ቁስቋም መሄድ አላቋረጠችም። ከደጀ ሰላሙ በታች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር የምትጸልየው። አንድ ቀን ተከትያት ሄጄ ሰማኋት። «የት አደረስኸው? ንገረኝ እንጂ» ነበር የምትለው። ልክ ባለዕዳዋን እንደምትጠይቅ ነበር የምትናገረው። እኔ ያኔ የደርግ ትምህርት ጠጥቼ ስለነበር ሃይማኖት ተረት ነው ባይ ነበርኩ። «የማይመልስልሽን ምን ታደርጊዋለሽ?» አልኳት። «ታዲያ ማንን ልጠይቅ? ቀበሌውን?» አለችኝ።

መልስ አላገኘችም። እስክትሞት አላገኘችም። ግን ያን ሁሉ ዓመት ሌሎቹን ልጆች አስተማረች፣ ጠላ ጠመቀች፣ የሰው ለቅሶ ደረሰች። የወንድሜን ልብስ ለአንድ የቆሎ ተማሪ ሰጠች። እኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመለስኩት በእሷ ነው እንጂ በስብከት አይደለም። ዲያቆኑ አይቀየመኝ።

የበዓታ ደቀ መዝሙር፦
ኧረ እንዴት እቀየማለሁ አባቴ። ያ ልብስ የደረሰው የቆሎ ተማሪ ዛሬ የኔታ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ቀሃ ማዶ፦
«ታዲያ ማንን ልጠይቅ?» እሷን ለእኔ ጻፉልኝ። ስለ ንቡ ከነገሩኝ ሁሉ ይኼ ይሻለኛል፤ መልስ ነኝ አይልም።

የፒያሳ ልጅ፦
ትናንት ማታ መልስ ያልሰጠሁት ሆስፒታል ስለነበርን ነው።

የነርሷን ጽሑፍ ሳነብ እናቴ ውሃ በጣም እየጠጣች፣ ቶሎ ቶሎ እየተነሣች ነበር። ጠበሉ እያጠራኝ ነው ትለኝ ነበር። ያዘዞ እናት እንዳሉኝ የንስሐ አባቷ ጋ ደወልኩ። ያኔውኑ መጡ። ቡናም አላፈላሁ፣ ጊዜም አልነበረም። እናቴን ቆጣ ብለው «ወለተ ጊዮርጊስ፣ መርፌውን ተዪ ያለሽ እኔ ነኝ? ታዲያ የማንን ቃል ነው የሰማሽው?» አሏት። ከዚያ ጠበሉን በጠርሙስ አስይዘው ከእኛ ጋር እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ መጡ። ስኳሯ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ግሉኮስ ነው ብዬ የፈራሁት የጨው ውሃ ኖሯል፣ እሱን ሰጧት። ኢንሱሊኑም ተጀመረ። አደረች። ዛሬ ቁጭ ብላ ሾርባ ጠጥታለች። «አንቺ እምነት የለሽም» ያለችኝን አልመለሰችም፤ እኔም አላነሣሁባት።

ነርሷ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያዘዞ እናት፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

የሥራው ነገር ግን እንደዚያው ነው። አንድ ጓደኛዬ ምልክት ጠይቂ ትለኛለች። «በዚህ ሳምንት መንገዱ ከተከፈተ ሂጂ ማለቱ ነው» አለችኝ። ጌዴዎንም ጠይቆ የለ ወይ?

የበዓታ ደቀ መዝሙር፦
ጌዴዎን ጠይቋል፣ መሳፍንት 6 ላይ ነው። ግን የበጉን ጠጉር አውድማ ላይ ያሰጣው ምን ማድረግ እንዳለበት ከተነገረው በኋላ ነው። የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። ፈርቶ ነበር የጠየቀው። እግዚአብሔርም ፍርሃቱን አይቶ ታግሦታል። አንቺ ጋ ያለው ሌላ ነው። መንገዱ የሚከፈትና የሚዘጋው በምን ምክንያት እንደሆነ ጎንደር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያን የእግዚአብሔር ደብዳቤ አድርጌ ለማንበብ እኔ አልደፍርም።

የጌታ ልጅ፦
እዚህ ላይ ከዲያቆኑ ጋር ነኝ። እኛም ዘንድ ይኼ በሽታ አለ። መጽሐፍ ቅዱስ ዓይን ጨፍኖ ከፍቶ ጣት ያረፈበትን ጥቅስ መመሪያ የሚያደርግ አለ። ያዕቆብ 1፥5 ጥበብ የጎደለው ይለምን፣ እግዚአብሔር ሳይነቅፍ ይሰጣል ይላል። ጥበብ ይሰጣል ነው ያለው። ያን ይዘሽ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ያዘዞ እናት፦
አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። እናትሽ አንድ ልጅ ብቻ ነው የወለዱት? ወንድምሽ ሥራ ፈለገልሽ፣ ይባረክ። ግን እናት የእሱም ናቸው። እስካሁን የጻፍሽውን ሁሉ አነበብኩት። «እኔ ልሂድ ወይስ ልቅር» ነው ያለሽው። «እሱስ?» ያልሽበት ቦታ የለም። ለእግዚአብሔር ያቀረብሽውን ጥያቄ ለወንድምሽ አቅርበሽዋል?

ነርሷ፦
ያዘዞ እናት፣ ይኼን ነገር ዋርድ ውስጥ ስንቴ እንዳየሁት። ሴት ልጅ ካለች አስታማሚዋ እሷ ናት። ወንዱ በስልክ ነው የሚጠይቅ።

የማራኪ ተመራቂ፦
ኧረ እኛም አለን! አያቴን ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ለማለት ያህል ነው።

ያዘዞ እናት፦
አንተ ተባረክ። ሌሎቹን ነው።

የፒያሳ ልጅ፦
ይኼን ካነበብኩ በኋላ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። እውነቱን ለመናገር ደንግጦ ነበር። እናቴ ሆስፒታል መግባቷን ሳልነግረው ነው የቆየሁት፤ እሷ «አታስጨንቂው» ስላለችኝ። በየወሩ የመድኃኒቱንና የኪራዩን ግማሽ እልካለሁ አለ። ቀድሞ ለምን አልነገርሽኝም ብሎ ተቆጣኝም። ለአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ደግሞ ራሴ ደወልኩ። በዚህ ወር መምጣት አልችልም፣ እናቴ ታማለች አልኳቸው። ሌላ ሰው እንደሚቀጥሩ ነገሩኝ። ሌላ ቦታ ሲከፈት እንደውልልሽ ይሆናል አሉ። ይሆናል ነው ያሉት።

ስለዚህ ለአሁኑ ቀርቻለሁ። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ምንም ድምፅ አልሰማሁም፣ ሕልምም አላየሁም። ማታ 12ኛውን መዝሙር ደገምኩት። «እስከ መቼ» የሚለው ላይ ስደርስ አለቀስኩ። ካለቀስኩ ቆይቼ ነበር።

ቀሃ ማዶ፣ እናቴ ስለ ንቡ ያልከውን አነበብኩላት። አያቷ የነገረቻትን ነገረችኝ። ከተማው ሲነድ ሰው ታቦቱን ተሸክሞ ወደ ገጠር ይሸሽ ነበር አለች። «ንብ ያልመጣለት በትከሻው ተሸከመ» አለችኝ። እንግዲህ የሰማሁትን ነው የምነግርህ።

ቀሃ ማዶ፦
እናትሽን ሰላም በይልኝ። ይኼን አላውቅም ነበር። አስብበታለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን ቃል አትጠብቁብኝ።

የሳሙና በር ጡረተኛ፦
ማሰቡ ይበቃል ልጄ። ማንም አያጣድፍህ።

የፒያሳ ልጅ፦
አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ለነርሷ። ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን ሰጥተውናል። ቤታችን ፍሪጅ የለም። ጎረቤት አለ፣ ግን መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። በፊት እናቴ መስኮት ላይ ነበር የምታስቀምጠው።

ነርሷ፦
መስኮት ላይ አይሆንም፣ ፀሐይ ያበላሸዋል። የምትጠቀሙበት፣ የተከፈተው ብልቃጥ ጥላና ቀዝቃዛ ቦታ ከሆነ ወር ገደማ ይቆያል። የጎንደር አየር ለዚህ ጥሩ ነው። ውሃ የያዘ ሸክላ እንስራ አላችሁ? ብልቃጡን ደረቅ ላስቲክ ውስጥ ቋጥራችሁ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ አድርጉት። ማሰሮውን እንስራው ውሃ ላይ አንሳፍፉት፣ ከላይ ክደኑት። ያልተከፈተው ፍሪጅ ይሻለዋል። በረዶ ቤት ውስጥ ግን እንዳይገባ፤ በረዶ ሆኖ ከረጋ ይጣላል። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፊበት።

ቀሃ ማዶ፦
አራዳ አካባቢ ሱቅ አለኝ። ፍሪጁ በጄኔሬተርም ይሠራል፤ ለስላሳ ነው የምሸጥበት። ያልተከፈተውን ብልቃጥ እኔ ጋ አስቀምጪው። አድራሻውን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። እሑድ ከሰዓት ዝግ ነኝ፤ በሌላው ቀን እስከ ማታ 2 ሰዓት ነኝ።